በመኪና ላይ የተጣበቀ ሬንጅና የጎማ ጥቁረት፦ ቀለሙንም ራስሽንም ሳትጎጂ እንዴት ታስለቅቂዋለሽ?



በብዙ ቤቶች የሠራተኛዋ ሥራ በሳሎኑ በር ላይ አያበቃም። ወለሉ ተወልውሎ፣ ልብሱ ተተኩሶ፣ ምሳው ከተነሣ በኋላ «መኪናውንም እጠቢ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አቧራው በውሃና በሳሙና ይለቃል። ከጎማዎቹ ኋላና በበሩ የታችኛው ክፍል ላይ የተረጩት ጥቁር ነጠብጣቦች ግን ስንት ጊዜ ቢታጠቡ ንቅንቅ አይሉም። ያን ጊዜ እጅ ወደ ድስት ሽቦ፣ ወደ ቢላዋ፣ ወደ በረኪና ይሄዳል። ጥቁሩ ነጥብ ይለቃል፤ ነገር ግን የመኪናው ቀለም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቁጣው፣ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» የሚለው ዛቻና ለቅሶው ይከተላል። አንዳንዴም የሚጎዳው መኪናው ሳይሆን የራስሽ እጅ፣ ዓይን ወይም ሳንባ ነው።

ይህ ሥራ ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ትንሽ ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እዚህም መቸኮል ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል።

ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ሬንጅ ነው። በዐረብኛ «ዚፍት» ይሉታል። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ቤንዚኑ፣ ላምባውና ናፍጣው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ከሥር የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ነገር ነው፤ ጠላ ሲጠለል አተላው እንደሚቀር ማለት ነው። አስፋልት መንገድ ጠጠር በሬንጅ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ሬንጁ ይለሰልሳል፤ መንገዱ አዲስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የሚሽከረከረው ጎማ ያነሣውና ወደ ኋላ ይረጨዋል። ነጠብጣቡ ከጎማው ኋላ፣ በበሩ ሥርና በኋላው ፓራውልት ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሬንጅ ከነዳጅ ስለመጣ የቅባት ዘመድ ነው፤ ውሃና ቅባት ደግሞ አይዋሐዱም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር በባዶ ውሃ እንደማይታጠብ ታውቂያለሽ፤ ሬንጅም እንደዚያው ነው። የሚፈታው ሌላ ቅባት ነው። እሾህን በእሾህ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ሁለተኛው የጎማ ጥቁረት ነው። የመኪና ጎማ ጥቁር የሆነው ጥላሸት ስለሚቀላቀልበት ነው። የሌላ መኪና ጎማ፣ የልጆች ብስክሌት ወይም በመኪና ማቆሚያ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ጎማ ቀለሙን ሲነካው ደብዛዛ ጥቁር መስመር ይተዋል። ይህም በቅባት ይለቃል።

ከመጀመርሽ በፊት ምን እንደሆነ ለዪ፦

• ክብ፣ ከፍ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ ሬንጅ ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ ብታሳርፊበት ጨርቁ ቡናማ ይሆናል።
• ረጅም፣ ደብዛዛ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር መስመር የጎማ ጥቁረት ነው።
• ደቃቅ ብርቱካንማ ነጥብ የብረት ብናኝ ዝገት ነው። ዘይት አያስለቅቀውም፤ ተዪው።
• ጥፍርሽን በቀስታ ስታሳልፊበት የሚይዘው መስመር ጭረት ነው። ጭረት ቆሻሻ አይደለም፤ በማሸት አይጠፋም፤ ይብስበታል እንጂ። አትንኪው፤ ነገር ግን አሳዪ።

ቀለሙ ምን ያህል ቀጭን ነው?

የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው። በቆርቆሮው ላይ መነሻ ቀለም፣ በእርሱ ላይ የምናየው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጋራዥ ቤት «ክሊር» የሚሉት መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። መኪናውን የሚያብረቀርቀው ይህ የላይኛው ሽፋን ነው። ውፍረቱ ከአንድ የፀጉር ዘለላ አይበልጥም። ድርብርቡ በሙሉ እንኳ ተደምሮ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ አያልፍም።

ስለዚህ የድስት ሽቦ ወይም የስፖንጁ አረንጓዴ ሻካራ ገጽ አንድ ጊዜ ሲታሽበት በጥላ ውስጥ ምንም ያልታየው ቦታ ፀሐይ ሲያርፍበት በቀጫጭን ጭረቶች ተሞልቶ ይታያል። ሬንጁን የሚያስለቅቀው ዘይቱና ጊዜው ነው፤ የእጅሽ ሥራ የተፈታውን ማንሣት ብቻ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት አራት ነገሮች

አንደኛ፦ የነበረውን አሳዪ። መኪናውን ዙሪው። ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም የተላጠ ቀለም ካየሽ ሥራውን ሳትጀምሪ ለመዳም ወይም ለባለቤቷ አሳዪ። ዐረብኛው ካስቸገረሽ ጣትሽን ጠቁመሽ «ሃዳ መውጁድ ሚን ቀብል» በዪ፤ «ይህ ከዚህ በፊትም የነበረ ነው» ማለት ነው። ስልክ ካለሽ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ታርጋው እንዳይታይ አድርገሽ አንሺ፤ ለራስሽ ብቻ ያዢው። በፌስቡክም ሆነ በቲክቶክ አትለጥፊው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሌላውን ሰው ንብረትና ቤት ያለ ፈቃድ ማሳየት ሊያስከስስ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጥላና ቀዝቃዛ ጊዜ ምረጪ። ከፀሐይ የመጣ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። በጋለ ቀለም ላይ ያረፈ ማስለቀቂያ ሥራውን ሳይጨርስ ደርቆ እድፍ ይተዋል። የእጅሽን ጀርባ በኮፈኑ ላይ አሳርፊ፤ አምስት ሰከንድ ማቆየት ካቃተሽ አትጀምሪ። ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሻላል። «ሐር ክቲር፣ ባዕደን» ብትዪ «በጣም ይሞቃል፣ በኋላ» ማለትሽ እንደሆነ ይገባቸዋል።

ሦስተኛ፦ በምን እንደምታስለቅቂ ጠይቂ። በነዳጅ ማደያና በሱፐርማርኬት የሚሸጥ ለመኪና ቀለም የተሠራ የሬንጅ ማስለቀቂያ አለ። ቤት ውስጥ ካለ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ከሌለ የምግብ ዘይት ወይም ለሕፃናት ገላ የሚሆን ዘይት ይበቃል። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ የሚረጭ ቅባትም ይሠራል፤ ነገር ግን እሳት የሚይዝ ስለሆነ በደጅ እንጂ በተዘጋ ቦታ አይረጭም።

አራተኛ፦ እጅሽን ሸፍኚ። የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ይበቃል። በዘይት ብቻ ከሆነ የምትሠሪው ጓንት የግድ አይደለም፤ ከቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ የሚወጣ ማስለቀቂያ ከሆነ ግን ያለ ጓንት አትጀምሪ።

መኪናው የማያብረቀርቅ ደብዛዛ ቀለም ያለው ከሆነ ወይም በላዩ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ከሆነ ከሳሙናና ከውሃ በስተቀር ምንም አትጠቀሚ። እንዲህ ያለው ቀለም በቅባት ቦታ ቦታው ይለያያል፤ መልሶ ማስተካከልም ከባድ ነው። ለባለሙያ ይተው በዪ።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ እጠቢው። በዚህ አገር መኪና ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው። ደረቁን መኪና በጨርቅ መጥረግ በአሸዋ ማሸት ማለት ነው። ውሃ አፍስሺበት፤ ከዚያ ሁለት ባልዲ ያዢ፤ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁን ወደ ሳሙናው ከመመለስሽ በፊት በንጹሑ ውሃ አለቅልቂው። ከጣሪያው ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ከሁሉ የቆሸሸው ታችኛው ክፍል መጨረሻ ይታጠብ።

2. በማይታይ ቦታ ሞክሪ። ከበሩ የታችኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል በጣት ጫፍ የሚያክል ቦታ ላይ ቀቢና ጥቂት ቆይተሽ ጥረጊ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ከታየ ወይም ቦታው ከደበዘዘ አቁሚ።

3. ነጥቡን አርሺው። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጫፉን ዘይት አስነክተሽ በነጥቡ ላይ አሳርፊው። አትሺው። የምግብ ዘይት ወይም የሕፃን ዘይት ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከሱቅ የመጣ ማስለቀቂያ ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እስኪደርቅ ግን አይቆይ። ሁሉንም አንድ ላይ አትቀቢ፤ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ጨርሰሽ ወደ ሌላው እለፊ።

4. አንሺው። ነጥቡ ሲለሰልስ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ መፍሰስ ይጀምራል። በጨርቁ ንጹሕ ክፍል በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጊና ወዲያው ጨርቁን እጠፊው። በሬንጁ ውስጥ ደቃቅ ጠጠር አለ፤ በዚያው በቆሸሸው ጨርቅ መልሰሽ ብታሺ ጠጠሩ ይጭራል። አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ወይም ማይክሮፋይበር ጥሩ ነው። ቁልፍ፣ ዚፕ ወይም ወፍራም ስፌት ያለበትን ልብስ አትጠቀሚ።

5. እምቢ ካለ ድገሚው። ወፍራሙ ሬንጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ብታሳርፊበት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ዘይቱን ድገሚ። የፈላ ውሃ አይሆንም። የጎማ ጥቁረትም እንዲሁ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ብዙውን ጊዜ ይለቃል።

6. ዘይቱን እጠቢው። ዘይት የቀረበት ቦታ በማግስቱ አቧራ ይሰበስብና ከበፊቱ የባሰ ይመስላል። ለስላሳ ሳሙና ባለው ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበሽ አለቅልቂና በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ። የታጠበው ቦታ ላይ የነበረው ሰምም አብሮ ስለሚለቅ ቤት ውስጥ የመኪና ሰም ካለ ጥቂት ቢቀባ ቀለሙ ይጠበቃል።

የበሩ ዙሪያ ጎማ፣ የመብራቱ ፕላስቲክና ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከሱቅ የመጣው ማስለቀቂያ እንዳይፈስ ተጠንቀቂ። ከፈሰሰ ወዲያው በሳሙና ውሃ ጥረጊው።

በዘይት የራሱትን ጨርቆች ከቤተሰቡ ልብስ ጋር ወደ ማጠቢያ ማሽን አትክተቺ፤ በማድረቂያ ማሽንም አታድርቂያቸው። የምግብ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከሙቀት ጋር ሲከመር ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊፈጥር ይችላል። በደጅ ዘርግተሽ አድርቂና ጣያቸው።

እነዚህን ፈጽሞ አትጠቀሚ

ቢላዋ፣ ምላጭ፣ የድስት ሽቦና የስፖንጁ አረንጓዴ ገጽ፦ ሁሉም ክሊሩን ይቧጥጣሉ።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ተነር፦ የተሠሩት ቀለም ለማቅለጥ ነው። ሬንጁን ካስለቀቁ በኋላ አያቆሙም፤ የመኪናውንም ቀለም ይበላሉ።

በረኪና፣ የሽንት ቤት አሲድና የምድጃ ማጽጃ፦ ሬንጅን አይፈቱም፤ ቀለሙን ግን ያበላሻሉ። ከሁሉ የከፋው ማደባለቅ ነው። በረኪና (ክሎሮክስ) ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣል። ብዙ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው፤ ከእነርሱ ጋርም እንዲሁ ነው። ይህ ለመኪናም ለመታጠቢያ ቤትም ለወጥ ቤትም የሚያገለግል ሕግ ነው።

ቤንዚን፦ ቤንዚን በብርድ አገር እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ከሩቅ ያለ ሲጋራ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያገኝ ይችላል። በተለይ በሕንጻ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ቤንዚን ፈጽሞ አይከፈትም።

ላምባስ?

ብዙዎቻችን በአገር ቤት በላምባ ምድጃ አጠገብ አድገናል፤ ላምባን እንደ ቤንዚን አንፈራውም። እውነት ነው፣ ላምባ ሬንጅ ያስለቅቃል። ነገር ግን ልብ በዪ፦ ላምባ የሚቀጣጠል ትነት ማውጣት የሚጀምረው ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። የአዲስ አበባ አየር እዚያ አይደርስም። የኩዌት፣ የሪያድ ወይም የዱባይ በጋ ግን በጥላ ውስጥ እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በአገር ቤት የምታውቂው ላምባ እዚህ በበጋ ሌላ ጠባይ አለው። የምግብ ዘይት ያንኑ ሥራ ይሠራልና ላምባውን ተዪው።

አስገድደው ከሰጡሽ በደጅ፣ በማታ ቅዝቃዜ፣ በጓንት፣ በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ብቻ አስነክተሽ ሥሪ። አጠገብሽ ሲጋራና እሳት አይኑር። ላምባንም ሆነ ሌላ ማስለቀቂያ በውሃ ወይም በጭማቂ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አታስቀምጪ። የቤቱ ልጆች ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል።

ጉዳት ቢደርስ

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ አትሺው። ቧንቧ ከፍተሽ በሚፈስ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቢው፤ ከዚያ ሐኪም ይየው።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፦ የራሰውን ልብስ ወዲያው አውልቂ፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቢ። እጅሽ ላይ ሬንጅ ከተጣበቀ በላምባ አትሺው፤ በምግብ ዘይት ወይም በቫዝሊን ይለቃል፤ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ።

ትነቱ ራስሽን ካዞረሽ፦ ሥራውን ትተሽ ወደ ንጹሕ አየር ውጪ። ትንፋሽ ካጠረሽ እርዳታ ጥሪ።

አንቺ ወይም ልጅ ላምባ ከጠጣ፦ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የአደጋ ጊዜ ስልኮች፦ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ ኩዌት 112፣ ሳዑዲ ቀይ ጨረቃ 997፣ ኤምሬትስ አምቡላንስ 998፣ ኳታር 999፣ ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911። በስልክሽ ላይ ወይም በወረቀት ዛሬውኑ ጻፊው።

ስለ ፀሐዩና ስለ ውልሽ

የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት በበጋ ቀትር በደጅ መሥራትን ይከለክላሉ። በኤምሬትስ ከሰኔ ወር በፈረንጆች ጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት፣ በሳዑዲ በእነዚያው ወራት ከ6፡00 እስከ 9፡00 ሰዓት፣ በኩዌት ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከጠዋቱ 5፡00 እስከ ከሰዓት በኋላ 10፡00 ሰዓት ነው (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። እነዚህ ደንቦች የተጻፉት በዋናነት ለድርጅት ሠራተኞች ነው። ነገር ግን ፀሐይ የግንበኛን ሰውነትና የቤት ሠራተኛን ሰውነት አይለይም። ለጎልማሳ ግንበኛ አደገኛ የተባለው ሰዓት ለአንቺም አደገኛ ነው። በትሕትና «ማታ አጥበዋለሁ» ማለት እምቢተኝነት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ወደ ጥላ ግቢ፤ ውሃ ጠጪ፤ አንገትሽንና ራስሽን በውሃ አርጥቢ።

ውልሽን አንብቢ ወይም አስነብቢ፤ ቅጂው ከአንቺ ጋር ይሁን። አንድ ቤት ለማገልገል የተቀጠረች ሴት የወንድም፣ የጎረቤትና የዘመድ መኪና ሁሉ አጣቢ መሆን የለባትም። ይህ የሚደጋገም ከሆነ ቀኑንና ሥራውን በደብተር መዝግቢ። ጭረት ተገኘ ተብሎ ያልገባሽ ወረቀት ላይ ፈርሚ ወይም አሻራ አኑሪ ቢሉሽ «መጀመሪያ ይተርጎምልኝ» በዪ። ይህን መጽሔት የሰጠችሽን እህት፣ በአቅራቢያሽ ያለውን የቤተ ክርስቲያን የርዳታ ቢሮ ወይም ኤምባሲያችንን አማክሪ። ሃይማኖትሽ ምንም ይሁን በራችን ክፍት ነው።

ቤተ ክርስቲያን የቤት ሠራተኞች ጠባቂ አድርጋ የምታከብራት ቅድስት ዚታ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን አገር በሉካ ከተማ የኖረች ሴት ናት። በ12 ዓመቷ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጥራ በዚያው ቤት እስከ ዕረፍቷ እስከ 1272 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አገለገለች። መታሰቢያዋ በኤፕሪል 27 ነው። ቅድስናዋ የተገኘው ከገዳም ሳይሆን ከወጥ ቤትና ከመጥረጊያ መካከል ነው። የአንቺም ሥራ በእግዚአብሔር ፊት ክብር አለው፤ ሥራውን የሚሠራው ሰውነትሽ ደግሞ ከሥራው ይልቅ ክቡር ነው። ቀለም ቢበላሽ ጋራዥ አለ፤ ለዓይንና ለሳንባ ግን መለወጫ አይሸጥም። ስለዚህ ጓንቱን ከመኪናው በፊት፣ ጥላውንም ከጓንቱ በፊት አስቢ።